ያልተጻፈ ቁስል

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። እትዬ በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ወጥተው ፍራንክፈርት የገቡ፣ ሆኽስት ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ከሥራቸው ጎን ለጎንም የክፍላቸው የደኅንነት ተወካይ የነበሩ ሴት ናቸው። ወጣቱ አዲስ አበባ ላይ የሕንፃ ሥራ ፎርማን ነበር፤ አሁን በላይፊርማ፣ ማለትም ሠራተኛ በሚያከራይ ድርጅት በኩል ተቀጥሮ አንድ ትልቅ ላገር፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያንቀሳቅሳል። እናቱ የእትዬ የልጅነት ጓደኛ ናት። የተቀመጡት ጻይልስሃይም ነው፤ የፍራንክፈርት ምዕራብ ጫፍ ላይ፣ የቀለም ፋብሪካው ከመቶ ዓመት በፊት ለሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች በአንዱ።

እትዬ፦ ሲኒ በአንድ እጁ የሚቀበል ልጅ እናትህ አላሳደገችም። ግራህን ምን አግኝቶት ነው ኪስ ውስጥ የዋለው?

ወጣቱ፦ ምንም አይደለም እትዬ። አማይዘው፣ የፓሌት መጎተቻው፣ ትንሽ ነካ አድርጎኝ ነው። ፓሌት ስጎትት አውራ ጣቴ በእጀታውና በመደርደሪያው ብረት መሀል ገባ። ከትናንት ወዲያ ነው፣ አሁን ደህና ነኝ።

እትዬ፦ አምጣው እስቲ ወዲህ። ወይ ጉድ! ጥፍሩ እኮ ጠቁሯል። ይኼ ሁሉ ከሥሩ የቋጠረ ደም ነው፤ ጥፍሩን ገፍቶ አንስቶታል። እጠፈው። ጫፉን፣ ጫፉን ብቻ።

ወጣቱ፦ ይታጠፋል፤ ያማል እንጂ።

እትዬ፦ ለማን ተናገርክ?

ወጣቱ፦ የሺሽቱ፣ የፈረቃው አለቃ ምን ሆንክ ሲለኝ "ኒሽት ሽሊም"፣ ምንም አይደለም አልኩት። በውሃ አጠብኩት፣ ጓንት አጠለቅሁበትና ሥራዬን ጨረስኩ።

እትዬ፦ የትም አልተጻፈም ማለት ነው።

ወጣቱ፦ ለጥፍር? እትዬ ሙች ልበል እንዴ! እዚህ አገር ሰው ቢያስነጥስ ፎርም ይሞላል። እኛ አገር ከአጣና መወጣጫ ላይ የወደቀ የቀን ሠራተኛ ራሱን አራግፎ ተነስቶ ባሬላውን ሲያነሳ ነው ያየሁት። ደግሞ ገና ፕሮበጻይት፣ የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። ስድስት ወሩን ሳልጨርስ ስሜ በአደጋ መዝገብ ላይ እንዲወጣ አልፈልግም።

እትዬ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ አልተርትብህም፤ እሱን እናትህ ትተርትብህ። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። የጣትህ ጫፍ አጥንት ተሰንጥቆ ቢሆንስ? መገጣጠሚያው ደርቆ ከጥቂት ወራት በኋላ አውራ ጣትህ ቁልፍ ማዞር ቢያቅተው ቤጌ ምን ይልሃል? "የት ደረሰብህ?" ይልሃል። "ሥራ ላይ" ትላለህ። "ማን አየ? የት ተጻፈ? የትኛው ሐኪም አየህ?" ያኔ "ኒሽት ሽሊም" ብዬ ነበር ልትል ነው?

ወጣቱ፦ ይኼን ቤጌ የሚሉትን ነገር ሰዎች ሲያወሩ እሰማለሁ። ከደመወዜ ላይ ሲቆረጥ ግን አላየሁም።

እትዬ፦ አይቆረጥም፤ ሰው የማያውቀውም ለዚህ ነው። የጤና መድኑ ክራንከንካሴ፣ ጡረታው፣ የሥራ አጥነቱ ሁሉ በደመወዝ ወረቀትህ ላይ አለ። የሥራ አደጋ መድኑን ግን ሙሉውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ከ1884ቱ ሕግ ጀምሮ እንዲህ ነው። ቢስማርክ ሶሻሊስቶቹ ሠራተኛውን እንዳይነጥቁት ሲል ያወጣው ሕግ ነው እንጂ ለሠራተኛ አዝኖ አይደለም። ቢሆንም ውሉ ብልህ ነው። ሠራተኛው ሲጎዳ ጥፋቱ የማን ነው ሳይባል ይታከማል፣ ይካሳል፤ በምላሹ አሠሪውን ከስሶ ፍርድ ቤት አያቆምም። አሠሪዎቹ ደግሞ በየሙያቸው ተሰባስበው ለአንድ ማኅበር ያዋጣሉ፤ ቤጌ እሱ ነው። ሥራ ከጀመርክበት ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ተሸፍነሃል። አሠሪው ሳያስመዘግብ በጥቁር ቢያሠራህ እንኳ ተሸፍነሃል። ከ1925 ወዲህ ከቤትህ ወደ ሥራ ስትሄድ መንገድ ላይ የሚደርስብህም አለበት።

ወጣቱ፦ እንግዲህ እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። አሠሪው የሚከፍል ከሆነ፣ ወጪ ያበዛሁበት እኔ ነኝ ማለት ነው። በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ደህና ሁን ይለኛል።

እትዬ፦ ሊልህ ይችላል። በሙከራ ጊዜ ምክንያት እንኳ መናገር አይጠበቅበትም። መብቱን የጠየቀን ሠራተኛ መበቀል ሕጉ ይከለክላል፤ መበቀሉን ማስረዳት ግን ሌላ ጣጣ ነው። አልዋሽህም። ፍርሃትህ ግን ቦታውን ስቷል። መዝገቡ ላይ የሚገባው ወረቀት ከድርጅቱ አይወጣም። ተቆልፎ 5 ዓመት ይቀመጣል፣ ያገኘው ሁሉ አያነበውም። ለቤጌ ማሳወቅ ግዴታ የሚሆነው ከ3 ቀን በላይ ከሥራ ስትቀር ነው። የጥፍር ወረቀት የማንንም ክፍያ አያስጨምርም።

ወጣቱ፦ ተቆልፎ የሚቀመጥ ከሆነ ታዲያ ምን ይሠራል?

እትዬ፦ ለአንተ ማስረጃ ነው፤ አንድ። ለቦታው ደግሞ... እኔ ዕቃ ማሸጊያው ክፍል ሳለሁ የሆነውን ልንገርህ። ካርቶን የምንከፍተው በተራ ምላጭ ቢላ ነበር። ሰው ሁሉ ይቆረጣል፣ ፕላስተር ይለጥፋል፣ ይቀጥላል። ቢላ ነውና ይቆርጣል፤ ማን ይገረማል? የደኅንነት ተወካይ ስሆን መጀመሪያ ያደረግሁት ሴቶቹን "ፕላስተር በወሰዳችሁ ቁጥር ወረቀቷን ሙሉልኝ" ብዬ መለመን ነበር። ሳቁብኝ። ሲሞሉ ግን ምን ወጣ መሰለህ? ቁስሉ ሁሉ ግራ እጅ ላይ ነው፣ ሰዓቱ ሁሉ የሌሊት ሺሽት ማብቂያ ላይ ነው። የክፍሉ አለቃ፣ ማይስተሩ ዘንድ ይዤ ሄድኩ። "ሰዎችሽ አይጠነቀቁም" አለኝ። "ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ እጅ ነው እንዴ የማይጠነቀቀው?" አልኩት። ካርቶኑን እንደለቀቀ ምላጩ ራሱ ወደ እጀታው የሚገባ ቢላ አለ፤ ውድም አይደለም። እሱ ተገዛ። ከዚያ በኋላ ፕላስተሩ ሳጥኑ ውስጥ መክረም ጀመረ።

ወጣቱ፦ ተወካይ ሲባሉ ደመወዝ ነበረው?

እትዬ፦ ሰባራ ሳንቲም የለውም። ማዘዝም አትችልም። ያኔ ከ20 በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ቢያንስ አንድ ተወካይ እንዲሰይም ሕጉ ያስገድድ ነበር። ሥራው ማየትና መናገር ብቻ ነው። ማየት ቀላል ነው። የከበደኝ መናገሩ ነበር፤ በሰው ቋንቋ፣ በሰው አገር፣ ከማይስተር ፊት ቆሞ።

ወጣቱ፦ እኔ እንደማየው እትዬ፣ ጀርመን ተፈጥሮው ነው። ሥርዓት ይወዳል። ሄልሜት አድርግ ሲባል ያደርጋል። የእኛ ሰው ሄልሜት ብትሰጠው ውሃ ይቀዳበታል።

እትዬ፦ ተፈጥሮ አትበለኝ። ይኼ የተቀመጥንበት ቤት የተሠራው ለቀለም ፋብሪካው ሠራተኞች ነው። ሆኽስት የተባለው ፋብሪካ በ1863 ተመሠረተ፤ ጻይልስሃይም ገና የገበሬ መንደር ነበር፣ ወደ ፍራንክፈርት የተጠቃለለው በ1928 ነው። ፋብሪካው ሰው ሲያንሰው ከየመንደሩ ሰበሰበ፣ የሚያሳድራቸው ቦታ ሲያጣ ይኼን ኮሎኒ ሠራ። እየው፣ ቆንጆ ነው፤ ጓሮ አለው፣ ድንች ይተከልበታል። እዚህ የሚኖረው ሰው ግን ማታ ሲገባ ላቡ ሳይቀር ባለቀለም ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ትራሱ ላይ ቀይ ወይ ሰማያዊ ትቶ ይነሳል።

ወጣቱ፦ ሐኪም አልነበራቸውም?

እትዬ፦ እሱ ነው የሚገርመው፤ ነበራቸው። ግራንዶም የሚባል ሐኪም ከ1870ዎቹ ጀምሮ የፋብሪካው ሐኪም ነበር፤ በጀርመን ከመጀመሪያዎቹ የፋብሪካ ሐኪሞች አንዱ ነው። በ1880ዎቹ የሠራተኛውን ሕመም በየክፍሉ ቆጥሮ መጽሐፍ አድርጎ አሳትሟል። ለጊዜው ትልቅ ነገር ነው፣ ላቃልለው አልፈልግም። ሆኖም ቶሎ የሚታየውን ነው የቆጠረው፤ ቃጠሎውን፣ መመረዙን፣ መውደቁን። ዛሬ ገብቶ ከ20 ዓመት በኋላ የሚወጣውን በሽታ በዓመት መዝገብ እንዴት ያገኘዋል? ያንን ያገኘው ሌላ ሰው ነው፤ ሉድቪግ ሬን።

ወጣቱ፦ ሐኪም?

እትዬ፦ የፍራንክፈርት ቀዶ ሐኪም። በ1896 በጩቤ የተወጋ የሰው ልብ ሰፍቶ ያዳነ የመጀመሪያው ሐኪም እሱ ነው፤ ዓለም የሚያውቀው በዚያ ነው። እኔ የምወደው ግን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ባደረገው ነው። ፉክሲን የሚባለውን ቀይ ቀለም የሚሠሩ ሰዎች ደም እየሸኑ ይመጡበታል። ሲያያቸው የሽንት ፊኛቸው ውስጥ ዕጢ አለ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ሦስተኛውን አየ። ሌላ ሐኪም ሦስት በሽተኛ አከምኩ ብሎ ያልፍ ነበር። ሬን ግን ምን ትሠራለህ፣ ስንት ዓመት ሠራህ ብሎ ጠየቀ፤ በዚያ ሥራ ላይ ያሉትን ሰዎች ብዛትም አጣራ። 45 ናቸው። ከ45 ሰው ሦስቱ በአንድ ዓይነት ዕጢ መያዝ አጋጣሚ ሊሆን አይችልም አለ። በ1895 ለጀርመን ቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ ያቀረበው ይኼንኑ ነው።

ወጣቱ፦ ወዲያው ሰሙት?

እትዬ፦ ምን ይሰሙታል። ጥፋቱን አኒሊን ላይ ጥሎት ነበር፤ በኋላ ሲጣራ ዋናዎቹ ገዳዮች እነ ቤንዚዲን ሆኑ። የአኒሊን ሠራተኞችን የፊኛ ካንሰር ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1921 ሰነድ አወጣበት። ጀርመን የመጀመሪያውን የሙያ በሽታዎች ዝርዝር በ1925 ስታወጣ 11 በሽታ ብቻ ነበር ያለበት። ከሬን ንግግር እስከዚያ 30 ዓመት ነው። በዚያ 30 ዓመት እዚህ ኮሎኒ ውስጥ ስንት ሰው ደም እየሸና ለሚስቱ "ኒሽት ሽሊም" እንዳላት አስብ።

ወጣቱ፦ አሁን እኔን ነው የሚሰድቡኝ።

እትዬ፦ ጣትህን ነው። ቡናህ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ።

ወጣቱ፦ እሺ፣ የዱሮው ይሁን፤ ያኔ ሳይንሱም አልነበረም። ዛሬ ግን ሁሉ ነገር ተጽፏል። ከዚያ በኋላ የሚደርሰው አደጋ የሰው ዝንጉነት ነው። እኔ ራሴ ጣቴን ያስገባሁት ስለቸኮልኩ ነው፤ አማይዘው ምን አደረገ?

እትዬ፦ ግሪስሃይምን ሰምተሃል? በባቡር ስታልፍ የምታየው፣ ማይን ወንዝ ዳር ያለው። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1993፣ የካርኒቫል ሰኞ ነው፤ ሊነጋጋ ሲል። የሆኽስት ኩባንያ እዚያ ፋብሪካ ነበረው። ጋኑ ውስጥ አንድ ኬሚካል አለ፤ በላዩ ላይ ሜታኖልና ኮስቲክ ሶዳ ይጨመርበታል። ሲጨመር ማማሰያው መዞር አለበት። ሳይበራ ቀረ። ሁለቱ ሳይዋሐዱ አንዱ ባንዱ ላይ ተጠራቀመ። ቆይቶ ማማሰያው ሲበራ ሁሉም ባንዴ ተገናኘና ገነፈለ። ግፊቱ የደኅንነት ቫልቩን ከፈተው፤ ወደ 10 ቶን የሚጠጋ ቅይጥ ሰማይ ላይ ተረጨና ወንዙን ተሻግሮ ሽቫንሃይምና ጎልድሽታይን ላይ ወረደ። ሰው ጠዋት ሲነሳ መኪናው፣ የጓሮው ጎመን፣ የልጆች መጫወቻው ሁሉ ቢጫ ሙጫ የመሰለ ነገር ለብሷል።

ወጣቱ፦ ሰው ሞተ?

እትዬ፦ ያን ዕለት አልሞተም። የተናደደው ሰው ግን ብዙ ነው። ኩባንያው መጀመሪያ ላይ ነገሩ "መርዛማነቱ አነስተኛ" ነው አለ። ሰዉ ደግሞ በቴሌቪዥን የሚያየው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍሩ ተሸፍኖ ጭምብል ያደረገ ጽዳት ሠራተኛ አስፋልት ሲያጥብ ነው፤ በጎኑ ልጆች ይሄዳሉ። ከቅይጡ ዋናው ኦርቶ ኒትሮአኒዞል ነበር፤ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ነገር ነው። ከዚያ አፈሩ ተቆፍሮ ተወሰደ፣ ዛፉ ተመለመለ። ያ ኩባንያ ስሙን ያጣው ያን ዓመት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ኩባንያው ራሱ ተከፋፍሎ፣ በ1999 ከፈረንሳዩ ጋር ተዋሕዶ ስሙ የጠፋው በሌላ በሌላ ምክንያት ቢሆንም።

ወጣቱ፦ ያው እኔ ያልኩት ነው። አንድ ሰው ቁልፍ መጫን ረሳ።

እትዬ፦ ረሳ። በሌሊት ሺሽት፣ ሊነጋ ሲል፣ ሰው አይረሳም? የሚረሳ መሆኑን ማይስተሩ ያውቃል፣ መሐንዲሱ ያውቃል፣ ሚስቱ ታውቃለች። ታዲያ ማማሰያው ካልዞረ የፈሳሹ ቧንቧ አይከፈትም የሚል መቆለፊያ ማድረግ የማን ሥራ ነው? አንድ ሰው በመርሳቱ ብቻ ሁለት ሰፈር ቢጫ የሚለብስ ከሆነ ያ ፋብሪካ ፊቱኑም በሰው ትዝታ ላይ ነው የቆመው። አንተም ቸኩዬ ነው ትላለህ። ለምን ቸኮልክ?

ወጣቱ፦ በሰዓት ይኼን ያህል ፓሌት የሚል ኖርም አለ። መደርደሪያው ጫፍ ላይ ደግሞ መንገዱ ጠባብ ነው፤ አማይዘውን ስታዞር እጅህ ወደ ብረቱ ይጠጋል።

እትዬ፦ የሁሉም እጅ?

ወጣቱ፦ ... አንድ ፖላንዳዊ እዚያው ጋ ክንዱን ተልጦ ነበር።

እትዬ፦ በል ይኼን ያዝ፣ እመለስበታለሁ። የ1996ቱ የሥራ ጥበቃ ሕግ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አደጋውን ራሱን ከቦታው አጥፋ፤ መርዙን መርዝ ባልሆነ ነገር ተካ። ካልቻልክ በማሽን፣ በመከለያ፣ በመቆለፊያ ከሰው ለየው። ካልቻልክ ሥራውን አደራጀው፤ ሰዓቱን፣ ፈረቃውን፣ መንገዱን። ጓንቱና ሄልሜቱ የሚመጡት ከሁሉ መጨረሻ ነው፤ እነሱንም አሠሪው በራሱ ገንዘብ ይገዛል። እኛ አገር ነገሩ የሚጀመረው ከሄልሜት ነው፤ የሚያልቀውም እዚያው።

ወጣቱ፦ እሱስ እውነት ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ባንክ ወይ ቢሮ ሊጎበኝ ነው ሲባል ሄልሜቱ ከመጋዘን ይወጣል። አንጸባራቂ ልብሱም ይወጣል። እንግዳው ፎቶ ተነስቶ ሲሄድ ተቆጥሮ ይመለሳል።

እትዬ፦ የወደቀ ሰውስ እንዴት ነበር?

ወጣቱ፦ እንደ ሰው ዕድል። የሶሌታ ሙሌት ቀን ያውቃሉ? ሚክሰሩ ከጠዋት ጀምሮ ያጓራል፣ አርማታ አይጠብቅም። ሁለት ሁለት ሆነው ባሬላ ተሸክመው በአጣናው መወጣጫ ይመላለሳሉ፤ ሴቶችም አሉ። አጣናው በሚስማር የተያያዘ ነው፣ እርጥብ ከሆነ ያንሸራትታል። የኋለኛው ሰው እግሩን የሚያስቀምጥበትን አያይም፤ ባሬላው ይጋርደዋል። አንዱ ቢሰናከል ሁለቱም ናቸው። ሰው ሲወድቅ ሰብ ኮንትራክተሩ ኪሱ ይገባል፣ ለታክሲና ለካርድ ይሰጣል፣ "እግዜር ይማርህ" ይላል። በማግስቱ በዚያ ሰው ቦታ ሌላ ሰው ቆሟል። የቀን ሠራተኛ ስሙ ያለው የክፍያ ወረቀቱ ላይ ነው፤ እሱም ቅጽል ስሙ ነው አንዳንዴ።

እትዬ፦ አገራችን ሕግ የላትም እንዴ?

ወጣቱ፦ አላት እንጂ፤ ምን የሌላት ነገር አለ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የአሠሪን ግዴታ ይዘረዝራል። ሠራተኛው ስለ አደጋው እንዲያውቅ ማድረግ፣ መከላከያ መስጠት፣ አደጋውንና የሙያ በሽታውን መዝግቦ ለሥራ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ። ቢሯችን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ አነበው ነበር።

እትዬ፦ መመዝገብ ይላል?

ወጣቱ፦ ይላል። እንዲያውም የጡረታ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተው የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ይከፈለዋል ይላል። ግን የቀን ሠራተኛው የዓመት ደመወዝ ስንት ነው? ውል የለው፣ ወረቀት የለው። የወደቀበት ቀን እዚያ መዋሉን የሚያስረዳለት ማነው? በአምስት ብታባዛውስ ምኑን ታባዛለህ?

እትዬ፦ አየህ አንተው ጨረስከው። ኢትዮጵያ የሥራ ላይ ደኅንነት ስምምነት ቁጥር 155ን በ1991 ነው ያጸደቀችው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ጀርመኖቹ በስንት ደም ያገኙት ሐሳብ ወረቀት ላይ ለእኛም አለን። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። እዚህ አገር አደጋ የበዛበት ድርጅት ለቤጌ የሚከፍለው ከፍ ይላል፣ የቀነሰለት ይቀንስለታል። ስለዚህ የሰው ጣት የሒሳብ ሹሙን ያመዋል። የእኛ አገሩ የቀን ሠራተኛ ሲወድቅ የሚያመው ራሱን፣ ሚስቱንና ሰፈሩን ነው፤ ዕድሩ ያዋጣል፣ ሰብ ኮንትራክተሩ ትርፉ አይነካም። ያልተጻፈ ቁስል ለአሠሪ በነጻ ነው። በነጻ የሚገኘውን ነገር ማን ይቆጥባል?

ወጣቱ፦ የእኔ ጥፍር ታዲያ እነሱን በነጻ ነው የጠቀማቸው እያሉኝ ነው።

እትዬ፦ ከዚያም ይብሳል። የፖላንዳዊውን ክንድና የአንተን ጣት አንድ ላይ የሚያይ ሰው ስለሌለ ያ ጠባብ ጥግ እንደጠበበ ይቀጥላል። ሦስተኛው ሰው ጣቱ ይቆረጥና ያኔ አምቡላንስ ይመጣል፣ ያኔ ይጻፋል። ሥራ ስትጀምር ኡንተርቫይዙንግ፣ የደኅንነት ገለጻ ሰጥተውሃል?

ወጣቱ፦ ሰጥተውኛል መሰለኝ። አንድ ሰው እያነበበ ፈጠን ፈጠን ብሎ ተናገረ፣ አምስት ገጽ ሰጡን፣ መጨረሻው ላይ ፈረምን። ከጎኔ ያለው ኤርትራዊ "ምን ይላል?" ሲለኝ "ጫማ አትርሱ ነው የሚለው" አልኩት።

እትዬ፦ አምስት ገጽ ጫማ!

ወጣቱ፦ የገባኝ ቃል እሱ ነበራ።

እትዬ፦ ሕጉ እኮ ሠራተኛው በሚገባው መንገድ ማስረዳት አለባችሁ ነው የሚላቸው፤ በሥራ ሰዓት፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት። በላይፊርማ የመጣህ ብትሆንም ቦታው ላይ የሚያሠራህ ድርጅት ነው ይኼን ማድረግ ያለበት፤ "የእኛ ሠራተኛ አይደለም" አይሠራም። እሱን ግን ዛሬ አንነካውም። አንዱን እንያዝ። ከዚህ ተነስተህ በቀጥታ ዴ-አርትስት ጋ ትሄዳለህ፤ የሥራ አደጋ የሚያይ ፈቃድ ያለው ሐኪም ነው፣ ሆኽስት ታገኛለህ። ራጅ ያነሳሃል፣ ደሙን ያወጣልሃል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ እንደወሰድክ ይጠይቅሃል። ሲጠይቅህ ሥራ ላይ ነው ትላለህ።

ወጣቱ፦ ጓደኞቼ "ቤት ነው በል፣ ነገር ይቀላል" ይሉኛል።

እትዬ፦ ስንቱ ሐበሻ በዚህች በ"ቤት ነው" ተበላ መሰለህ! ጀርባውን ላገር ውስጥ ሰብሮ "ሶፋ ሳነሳ ነው" ያለ አውቃለሁ። ለአለቃው አዝኖ። አለቃው እስከዛሬም አያውቅም። አንዴ ሐኪሙ ፋይል ላይ "ቤት" ተብሎ ከገባ ማን ይነቅልልሃል? ያ ሰው ከሥራ ከቀረ በኋላ ቤጌ የሚሰጠውን ሕክምናና ድጎማ አላገኘም፤ ሶፋ መድን የለውማ። ወረቀትና እስክሪብቶ ከመሳቢያው አምጣ።

ወጣቱ፦ አሁን?

እትዬ፦ አሁን። በአማርኛ እንጻፈው፣ ከዚያ ወደ ጀርመንኛ እመልስልሃለሁ፤ ነገ የመጀመሪያ እርዳታ ኃላፊው ራሱ በመዝገቡ ቅጽ ላይ ይገለብጠዋል። ዘግይቷል፣ ግን ይጻፋል። ስም። ቀን። ሰዓት?

ወጣቱ፦ ከእረፍት በፊት ነው... አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም፣ ማታ።

እትዬ፦ "ግድም" ብለህ ጻፍ፤ ያልሆነውን ሰዓት እንዳትጽፍ። ቦታ?

ወጣቱ፦ ላገር ውስጥ።

እትዬ፦ ላገሩ የእግር ኳስ ሜዳ ያክላል ብለኸኝ አልነበር? የትኛው መደርደሪያ፣ የትኛው ጫፍ?

ወጣቱ፦ ረድፍ 14፣ ከመጫኛው በር በኩል ያለው ጫፍ። ፖላንዳዊውም እዚያው ነው።

እትዬ፦ የእሱን አንተ አትጻፍ፤ የእሱ ቁስል የእሱ ነው። ነገር ግን "መተላለፊያው አማይዘውን ለማዞር ጠባብ ነው" ብለህ ጻፍ። የደረሰው እንዴት ነው የሚለው ሥር ይገባል። "ቸኩዬ" እንዳትል።

ወጣቱ፦ ቸኩዬ ነበር እኮ።

እትዬ፦ በሰዓት ስንት ፓሌት እንደሚጠበቅብህ ጻፍ፤ አንባቢው ቸኩለህ እንደነበር ይደርስበታል። የጉዳት ዓይነት፦ ግራ አውራ ጣት፣ ከጥፍር ሥር ደም። የተሰጠ እርዳታ?

ወጣቱ፦ ውሃ።

እትዬ፦ ውሃ ብለህ ጻፍ፤ እንደሆነው። እርዳታ የሰጠው?

ወጣቱ፦ ራሴ።

እትዬ፦ ምስክር?

ወጣቱ፦ ... የለም።

እትዬ፦ ማንም አላየም?

ወጣቱ፦ ኤርትራዊው ነበረ። አማይዘውን ወደ ኋላ ስቦ ያላቀቀኝ እሱ ነው። ግን ውሉ የሚያልቀው በሚቀጥለው ወር ነው እትዬ፤ ሊያድሱለት ነው የሚጠብቀው። ስሙን እዚህ ላይ ባሰፍርበት...

እትዬ፦ እውነትህን ነው፣ ሳትጠይቀው አታሰፍርም። ስልክህ የት አለ?

ወጣቱ፦ እምቢ ቢለኝስ?

እትዬ፦ እምቢ ካለ ባዶ ትተወዋለህ፤ ወረቀቱ ያለ ምስክርም ወረቀት ነው። መጠየቁ ግን አይቅር። ዛሬ ሺሽቱ የማታ ነው?

ወጣቱ፦ የማታ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚገባው።

እትዬ፦ ገና ቤቱ ነው ማለት ነው። ደውልለት፤ የእሱንም እጆች እንዴት ናቸው በለው።